ሁሉ የሚያውቀው ምስጢር

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው ሰላይ ነው። ለዚህ ውለታውም ወቀሳውም በከፊል የማሞ ውድነህ ነው። እኒህ የወሎ ተወላጅ የስለላና የጦርነት መጻሕፍትን እየተረጎሙ ሲያቀርቡልን፣ በኩራዝ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ የሩቅ አገር ሰላዮችን ጓዳ ከገዛ ሰፈሩ በላይ ያውቅ ጀመር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ ቦታው አስመራ፣ ዘመቻው ቀይ ኮከብ ሆነ እንጂ የሚያንጠለጥለን ያው ሰርጎ ገብና ጥርጣሬ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ይዞ ሲመጣ ከጣና ገዳማት ገባን፤ እዚያም ሰላዩ ቀድሞን ደርሷል። መጻሕፍቱን አልነቅፍም፤ እንቅልፍ አጥቼ ያነበብኳቸው ናቸው። የምለው ሌላ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ምስጢር ማለት አንድ ቦታ የተቆለፈ ወረቀት ነው። ጥቂቶች ያውቁታል፣ ብዙኃኑ አያውቀውም፣ ባለታሪኩ ቁልፉን ፍለጋ ይሮጣል።

ወሎ ውስጥ፣ ወልድያ፣ መርሳ፣ ሀብሩ ያለ የቤተሰብ ገመና ግን እንዲህ አይቆለፍም። ጎረቤት ያውቀዋል። ዕድርተኛው ያውቀዋል። የነፍስ አባቱም፣ ሸኹም፣ ቡና ላይ የሚሰበሰቡት ሴቶችም ያውቁታል። ልጁ ራሱ ገና ጢም ሳያበቅል ከእናቱ ዝምታ ተነሥቶ ደርሶበታል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ አፉን ከፍቶ የተናገረ የለም። እንዲህ ባለ አገር «ማን ሠራው?» ብሎ የሚጀምር ልብ ወለድ በሁለተኛው ገጽ ያልቃል። አንባቢን ማንጠልጠል የሚችለው ጥያቄ «ማን ይናገረው ይሆን? ምንስ ሊያገኝበት?» የሚለው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ድንገት ምስጢር የሚያደርገው፣ ከዚያም «ተጋለጠ» የሚያሰኘው የአንድ ሰው ምኞት ነው። የሚፈለግ ነገር እስኪመጣ ድረስ ገመና ከሰው ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ወሎ ለዚህ ከልብ ወለድ የበለጠ ማስረጃ አለው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ሲያደርጉ፣ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ። ከሕዝቡም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ መኖርን የመረጠ ብዙ ነበር ይባላል። ወሎ ይህን ዋጥ አድርጎ ኖረ፤ አያት መሐመድ፣ ልጅ ገብረ ማርያም ቢሆን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ልጃቸውን ሸዋረጋን ለራስ ሚካኤል ሲድሩ አማቻቸው ትናንት በምን ስም ይጠሩ እንደነበር አሳምረው ያውቃሉ። ከዚያ ጋብቻ ልጅ ኢያሱ ተወለደ፣ አልጋው ላይም ወጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ሲያወርዱት ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘንብሏል የሚል ነበር። የአባቱ ቤት የቀድሞ ሃይማኖት ያን ዕለት እንደ አዲስ ግኝት አደባባይ ወጣ። ኢያሱ በእውነት ምን ያምን እንደነበር ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ 38 ዓመት ሙሉ ማንንም ያላስደነገጠ ነገር አልጋ ሲፈለግ ማስደንገጥ መጀመሩ ነው። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

የጁዎች ደግሞ ይህን ነገር በገዛ ቤታቸው ያውቁታል። የየጁ ገዥ ቤተሰብ የሆኑት ወረሼሆች ከታላቁ ዓሊ ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ዓሊ ድረስ ጎንደር ላይ ነገሥታትን ሲያነግሡና ሲያወርዱ ኖሩ፤ መውደቂያቸው ግን በጋብቻ በኩል መጣ። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ለቋራው ካሣ ሰጡ። አማቹ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል አደረጋቸው። ተዋበች ከባሏ ጋር ቆመች። ስለ እርሷ የሚነገረው ሁልጊዜ ታማኝነቷ ነው፤ እኔ ግን የአይሻል ዕለት ማታ ገበታው ሲቀርብ እጇ ሄደ ወይ የሚለውን ነው ማወቅ የምፈልገው። ይህን የጻፈልን የለም። ደራሲ ያለው እንዲህ ላለው ነበር።

የራስ ጉግሣ ወሌና የንግሥት ዘውዲቱ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። የጁን ይገዙ የነበሩት ራስ ወሌ ብጡል የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ናቸው። ጣይቱ የወንድማቸውን ልጅ ጉግሣን ለባላቸው ልጅ ለዘውዲቱ ሲያጋቡ ሐሳቡ ለማንም አልተሰወረም፤ የራሳቸው ወገን ከምኒልክ ደም ጋር ይተሳሰር ነው። ቀኑ ደርሶ ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ግን መኳንንቱ የጣይቱ ወገን በባል በኩል ተመልሶ እንዳይገባ ፈሩ። ባልና ሚስት ተለያዩ። ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ቀሩ፣ ጉግሣ በጌምድርን ሊገዙ ሄዱ፣ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደ አልጋ ወራሹ ወደ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ። 13 ዓመት እንዲህ ሆኖ ቆየ። በ1922 ዓ.ም. ጉግሣ ሸፈቱ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ በጦር ሚኒስትሩ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የሚመራ ሠራዊት ገጠማቸው። አውሮፕላን መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት በተነ፣ ኋላም ቦምብ ጣለ። ጉግሣ እዚያው ወደቁ። መጋቢት 24 ቀን ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ።

ሁለት ቀን! የልብ አንጠልጣይ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን ያሻሻል። መርዝ ይሆን? ሐዘን ይሆን? የቆየ በሽታቸው ይሆን? ሁሉም ተብሏል፣ ሁሉም ተጽፏል። በሽተኛ እንደነበሩ እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ነው። እኔ ደግሞ የመርዙ ብልቃጥ ነገሩን ያረክሰዋል እላለሁ። ብልቃጥ ከተገኘ ጥፋቱ የአንድ ሎሌ ወይም የአንድ ሐኪም ሆኖ ይዘጋል፤ አንባቢም እፎይ ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል። የሚከብደው ሌላው ነው። በጉግሣ ላይ የዘመተው ጦር የዘመተው በሚስታቸው መንግሥት ስም ነው። ንግሥቲቱ ዝም ቢሉ ባላቸውን አስገደሉ፣ ቢናገሩ ዘውዳቸውን ጣሉ። እንዲህ ያለ ጸጸት ያለ መርዝም ሰው ይገድላል፤ ባይገድልም ቢያንስ 400 ገጽ ይሞላል። ልቤን የሚያንጠለጥለው ያ የመጨረሻው ሁለት ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው 13 ዓመት ነው፤ በየበዓሉ፣ በየግብሩ፣ በየጸሎቱ መካከል የአንድ ሰው ስም ያልተነሣበት 13 ዓመት።

መርማሪ አጥተን ነው እንዳይባል፣ አፈርሳታ ነበረን። አውጫጪኝም ይሉታል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። እርሻ ቆሞ፣ ገበያ ተፈትቶ፣ ሰው ከሰው ጋር ተፋጦ ይውላል። አላውቅም የሚል ይምላል። በመጨረሻ ነገሩ ሲወጣ ግን «እኔ አየሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው አይደለም የሚያወጣው። ወፍ ነው። ወፍ ነገረኝ ይባላል፣ የወፉ ማንነት አይጠየቅም። ሼርሎክ ሆልምስ ምርመራውን ሲጀምር ከወንጀለኛው በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ነው። አፈርሳታ የሚነሣው ከተቃራኒው ጫፍ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ከተቀመጣችሁት የማያውቅ የለም፣ እስክትናገሩ እንቀመጣለን ይላል። በዚያ ሜዳ ላይ ዕውቀት ሞልቷል፤ የጠፋው የዕውቀቱ ባለቤት ነው። ለምን ቢባል፣ የተናገረ ደም ይቃባል።

የሩሲያው ልብ ወለድ ነፍሰ ገዳይ ራስኮልኒኮቭ በሴንት ፒተርስበርግ የኪራይ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን በትኩሳት ሲቃጠል ሳነብ አንዳንዴ ፈገግ እላለሁ። ሀብሩ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ መሞት የሚያሰጋው አጎቱ ነበር። ደመኛ የሚቆጥረው ዘር ነው፤ ገዳዩ ቢሰወር ወንድሙ አለ፣ ወንድሙ ቢሸሽ ያጎቱ ልጅ አለ። ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ ሲገቡም ካሳውን የሚያዋጣው ዘመድ ሁሉ ነው፤ በግድያው ያዘነውም፣ ገዳዩን የሚጠላውም ጭምር ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ጥፋተኝነት የግል ንብረት አይደለም። ስለዚህም አንድ ሰው «የራሴን በደል ልናዘዝ» ብሎ ሲነሣ የሚናዘዘው የሌሎችን አንገት ጭምር ነው። የምዕራቡ ልብ ወለድ ኑዛዜን የነፍስ ዕረፍት አድርጎ ሲያቀርብልን ይህን ሒሳብ አያውቀውም። አፈርሳታንም ማሞገሴ አይደለም። ወፍ ዘመድ ካለው ሰው ጣራ ይልቅ ዘመድ የሌለው ጎጆ ላይ ማረፍ ይቀላታል፤ ስንት መጻተኛ፣ ስንት ድኻ በዚያ ሜዳ ላይ የሌላ ሰው ዕዳ ተሸክሞ እንደተነሣ መገመት አያዳግትም።

በደል የጋራ ነው ካልን አንድ የከፋ ወጥመድም አለ፤ እርሱን ያየነው በረሀብ ዘመን ነው። በሶፎክልስ ድርሰት ቴብስ ላይ መቅሠፍት ይወርዳል፤ ንጉሡ ኤዲፐስ የመቅሠፍቱን ምክንያት እመረምራለሁ ብሎ ሲነሣ ፈልጎ የሚያገኘው ራሱን ነው። ወሎ ይህን ድርሰት ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። ዝናብ ሲጠፋ ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያ በፊት ግን የተጣላ ይታረቃል፣ የሰው ገንዘብ የያዘ ይመልሳል። ሰማዩ የተዘጋው በእኛ ነው ይላል ገበሬው። በ1965 ዓ.ም. ሰማዩ ተዘጋ። ገበሬው እንደ ልማዱ በደሉን ቆጠረ። አዲስ አበባ ያለው ሹም ግን አልቆጠረም። ቴብስ ውስጥ ንጉሡ መረመረ፤ እኛ ዘንድ የመረመረው የተራበው ነበር።

ያ ረሀብ «የተደበቀው ረሀብ» ተባለ። የት ነበር የተደበቀው? ከደሴ ተነሥቶ በመርሳና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር! ከቀዬው ተነቅሎ የመጣ ሰው መኪና እንዲያየው ብሎ መንገድ ዳር ነው የተኛው። አውቶቡስ አልፏል፣ የጭነት መኪና አልፏል፣ የሹም ላንድሮቨር አልፏል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ስድስት ኪሎ አሳይተዋል። አገረ ገዥነቱ በስም የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ነበር፤ እዚያም ቤት ውስጥ ሌላ ያልተነገረ ነገር አለ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት በሬዲዮ ቀርቦ የአባቱን መንግሥት የነቀፈው ይኸው ልጅ ነው። ተገድዶ ነው ወይስ ወድዶ? አባትየው ልጃቸውን አላሰሩም፣ ማዕረጉንም አልገፈፉም። ጥያቄው አብሯቸው ኖረ። እንዲህ ያለ ቤት የወሎን ረሀብ ቢሸፍን አይግረመን፤ ለመሸፈን የለመደ ቤት ነበር።

ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን አውጥቶ ዓለም ጮኸ። ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ግን ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1967 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ማታ ነው፤ በመሐል በመሐሉ የቤተ መንግሥት ድግስ ተሰክቶበት። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ደርግ በዚያች ማታ ለወሎ ሰው የነገረው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሥልጣን ፈላጊ ስለደረሰለት የታወቀው ሁሉ ምስጢር ሆኖ ተጋለጠ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የነበሩበት መርማሪ ኮሚሽን ባለሥልጣናቱን እየጠራ ማን ምን እንዳወቀ፣ መቼ እንዳወቀ ይጠይቅ ነበር። በኅዳር 14 ሌሊት 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከተረሸኑት መካከል ስለ ወሎ መልስ መስጠት የሚችሉ ነበሩ። መርማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ ተጠያቂው ተገደለ፤ በልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው ገጽ ቀደደብን ብለን እንከስ ነበር።

ብርሃኑ ዘርይሁን በ«ማዕበል» ረሀቡንና አብዮቱን ወደ ልብ ወለድ አምጥቷል፤ ባለውለታ ነው። ያልተነካው የጓዳው ወገን ነው። ከአራት ልጆች አንዱን ይዞ ለመሄድ የመረጠ አባት ምን ብሎ መረጠ? በጎረቤቱ እህል የተረፈ ሰው የጎረቤቱ ልጅ ሲያድግ እንዴት ዐይኑን ያየዋል? ከ1966ም፣ ከ1977ም የተረፉ ሰዎች ዛሬ አያት ናቸው፤ በየቤቱ አሉ። የ2013ና የ2014ቱ ጦርነት የተወው ዝምታ ደግሞ ገና ትኩስ ስለሆነ እጄን አላስገባበትም።

እኛ አንጠልጣይ ታሪክን በጓዳ መሥራት አቅቶን አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከወጣ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ባለታሪኩ በዛብህ በወላጆቹ ስእለት የታሰረ መሆኑን አንባቢ ከመጀመሪያው ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ አልደበቁንም። ስእለቱ እንደ ዕዳ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ ያፈቅራል፣ ይሰደዳል፤ እኛም መቼ ይጠይቀው ይሆን እያልን በጭንቀት እንከተላለን። ደራሲዎቻችን ይህን ትምህርት ትተው ወደ ስለላው ቢሮ መኰብለላቸው የገበያ ነገር ይሁን የፍርሃት አላውቅም። ቢሮ ያለ ምስጢር ሲጋለጥ የሚያፍረው መንግሥት ነው። የጓዳው ሲጋለጥ የሚያፍሩት የደራሲው አክስቶች ናቸው።

እኔ ብጽፈው ታሪኩን መርሳ ላይ አደርገዋለሁ፤ ወይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጊራና፣ ማንጎና ብርቱካን በመስኖ የሚበቅልበት። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ባልና ሚስት ጎረቤት ይሞታሉ፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ይቀራል። አንድ ገበሬ ልጁን አንሥቶ ከገዛ ሦስት ልጆቹ ጋር ያሳድገዋል። የሟቾቹም ማሳ፣ ውሃ ገብ የሆነው ደኅናው ማሳ፣ ከልጁ ጋር አብሮ ይመጣል። ልጁን ያዳነው ማሳው ነው ወይስ ማሳውን ያስገኘው ልጁ ነው? ገበሬው ራሱ የሚለየው አይመስለኝም። ደግ ሰው ነው ይሉታል፤ ውሸት አይደለም። ማሳው ማንጎ አፈራ፣ ማንጎው ትልቁን ልጅ ወልድያ አስተማረው፣ ትልቁ ልጅ አሁን ወልድያ ላይ ሆቴል ሊያቆም ይሻል። በይዞታ ደብተሩ ላይ የሰፈረው የገበሬውና የሚስቱ ስም ነው። ሁለቱም ይሞታሉ፤ ታሪኩ ይጀመራል።

ይህን ሁሉ ለአንባቢው በመጀመሪያው ገጽ እነግረዋለሁ። መንደሩ ያውቃል፣ አንባቢውም ይወቅ። ያ የጎረቤት ልጅም ያውቃል፤ ማወቁን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ያሳደጉትን ሰዎች «አባዬ»፣ «እማዬ» ብሎ ቀብሯል። ተራኪዋን የታላቁን ልጅ ሚስት አደርጋታለሁ፤ ከሲሪንቃ የመጣች ምራት። ከቤቱ ደም የላትም፣ ስለዚህ መናገር ትችላለች፤ ልጆቿ ግን ወራሾች ናቸው፣ ስለዚህ መናገር አያዋጣትም። ክፉ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አላስገባም። ትልቁ ልጅ ወንድሙን ይወድደዋል፤ ሆቴሉን ደግሞ የበለጠ ይወድደዋል፣ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ባንክ ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው።

ከዚያ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ምስክር ያስፈልጋል። ከገበሬውና ከሚስቱ ዘመን የቀሩት አንዲት እናት ናቸው፤ ልጁን በዚያ ክፉ ቀን ከእናቱ ሬሳ ላይ ያነሡት እርሳቸው ናቸው። ትልቁ ልጅ አያስፈራራቸውም። ስኳርና ቡና ይዞ ይሄዳል፣ ጉልበታቸውን ይስማል፣ «እማማ፣ ያው እውነቱን ይናገሩልን» ይላል፤ የትኛውን እውነት እንደሆነ አይጨምርም። ዳኛው የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ገበሬውና ሚስቱ ስንት ልጅ ነበራቸው? ሦስት ብለው ቢምሉ እውነት ነው፤ ልጁ ግን ከአባቱ ማሳ ላይ ባዶ እጁን ይነሣል። አራት ቢሉ በሐሰት ማሉ፤ ልጁም መላው የእርሱ ከነበረው ሩቡን ያገኛል።